ሻርክና ኤሊ፦ ከመርከብ ላይ ያየሁት፣ ከዚያም የመጣው 43 ምላሽ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ክር ረዝሟል። አዲስ የምትመጡት የመጀመሪያውን ጽሑፍ ብቻ አንብባችሁ ያንኑ ጥያቄ ስለምትደጋግሙብኝ እስካሁን የተባባልነውን በአጭሩ ላስቀምጥ። እሺ፣ በረጅሙ። ዛሬ አራት ኪሎ መብራት የለም፤ ስልኬ 60 ፐርሰንት አለው፤ እስኪዘጋ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ የጻፍኩት ይህን ነበር።

የንግድ መርከብ ላይ ሦስተኛ ኢንጂነር ነኝ። አሁን እረፍት ላይ ነኝ፣ እናቴ ቤት። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ከሕንድ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ባዶ መርከብ ይዘን ስንመጣ ዓረብ ባሕር መሃል ላይ ሞተሩ አስቸገረን። የአንዱ ሲሊንደር የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው፣ አቁሞ መቀየር ብቻ ነበር መፍትሔው። ስድስት ሰዓት ተንሳፈፍን። ያ ባሕር በክረምት ያብዳል፣ ሚያዝያ ላይ ግን ዘይት የፈሰሰበት ነው የሚመስለው።

ሥራው ሊያልቅ ሲል ቺፉ (ዋናው ኢንጂነር) ውጣና አየር ውሰድ አለኝ። የኋለኛው ዴክ ላይ ፊሊፒናዊው ኩካችን (ምግብ አብሳያችን) ሲጋራውን ይዞ ብረቱን ተደግፏል። ዋናው ሞተር ሲጠፋ መርከብ ሌላ ነገር ይሆናል። ጄኔሬተሩ ከሆዱ ውስጥ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ውጪ ዝም። ለዚህ ነው ኤሊዋን ከማየታችን በፊት የሰማናት። ፉፍ የሚል ትንፋሽ፣ ልክ ሽቅብ ወጥቶ የደከመው ሰው እንደሚተነፍሰው። ጀርባዋ ትልቅ ረከቦት ያህላል። ጠርዙ ላይ ጥርስ ጥርስ የሚያህል ነጫጭ ነገር ተለጥፎባታል፣ የመርከብ ሆድ ላይ የሚበቅለው ዓይነት።

ከዚያ ከሥሯ ጥላ መጣ። ጎኑ ላይ ደብዘዝ ያሉ መስመሮች አሉት፣ ፊቱ ሹል ሳይሆን የተቆረጠ ነው የሚመስለው፣ ርዝመቱ ከድሮ ላዳ ታክሲ አያንስም። መጀመሪያ ዞራት። አልቸኮለም። ከታች ሲመጣባት ሰውነቷን አጋድማ ጀርባዋን ወደ አፉ ሰጠችው፣ ጋሻ እንደሚመክት ሰው። አፍንጫው ቅርፊቷ ላይ ተንሸራቶ አለፈ። ዞሮ መጣ። እሷም ዞረች። አራት አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። አንዴ ጅራቱ ውሃውን ሲመታው ድምፁ እኛ ጋ እንደ ጥፊ ነው የደረሰው። አንዱ የዴክ ልጅ ሊወረውርበት ከባድ የብረት ሻክል (ሰንሰለት ማያያዣ) አነሳ፣ ቦሱኑ (የዴክ ሠራተኞች አለቃ) ከለከለው። በመጨረሻ ኤሊዋ ወደ እኛ፣ ወደ መርከቡ መጣች። እኔ ተጠርቼ ወረድኩ። መጨረሻውን አላየሁም።

ይህን ሁሉ በቀደም መንገድ ዳር ጀበና ቡና ስንጠጣ ለጓደኞቼ ነገርኳቸው፣ ግማሾቹ ሳቁብኝ። ስለዚህ እዚህ ጠየቅኩ፦ ሻርኩ ይጫወትባት ነበር ወይ? የመትረፍ ዕድል አላት? ብንረዳት ጥፋት ይሆን ነበር?

ወደ ምላሾቹ።

ምላሽ 1 እንደተለመደው አንደኛ ለመሆን ብቻ የተጻፈ ነው። የኤሊዋን መከላከል ከብሔራዊ ቡድናችን ተከላካዮች ጋር አወዳደረ፣ ለማን እንዳደላ ታውቃላችሁ።

ምላሽ 2 የጻፈው ሰው አማርኛችንን ለምን ታበላሻለህ፣ ሻርክ ማለት ዓሣ ነባሪ ነው ብሎ ገሠጸኝ። በትህትና ነው የጻፈው፣ አላስቀየመኝም። ምላሽ 3 ግን ወዲያው አረመው፦ ዓሣ ነባሪ አጥቢ እንስሳ ነው፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ልጁንም ጡት ያጠባል። ሻርክ ዓሣ ነው፣ በስንጥብ ይተነፍሳል፣ አጥንቱም አጥንት ሳይሆን እንደ ጆሯችን ለስላሳ ነው። ምላሽ 4 ደግሞ የዮናስን ታሪክ አመጣ። ማቴዎስ ወንጌል ላይ ዓሣ አንበሪ ነው የሚለው፣ ትንቢተ ዮናስ ራሱ ግን ታላቅ ዓሣ ብሎ ነው የሚያልፈው ብሎ አስረዳ። በኔ በኩል ሻርክ ሻርክ ነው፤ ባሕር ላይ ሌላ ስም ሲጠራው የሰማሁት የሀገሬ ልጅ የለም።

ምላሽ 5 ክሩን ያዳነች ናት። ባዮሎጂ መምህርት ነች። ከሽንትሮቹና ከደንዳናው ፊት ተነስታ ነብር ሻርክ የሚባለው ነው አለች። የአዋቂ ባሕር ኤሊ ዋና አዳኝ እሱ ነው። ጥርሱ ወደ ጎን ያዘነበለ፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ጭንቅላቱን ሲወዘውዝ ቅርፊት ይቆርጣል። ሆዱ ውስጥ የኤሊ ቅርፊት ቁርጥራጭ ብዙ ጊዜ ተገኝቷል። ይጫወትባት ነበር ያልኩትን አልተቀበለችውም። ድመትና አይጥ አይደለም አለች። ይህ ሻርክ ዋና ጉልበቱ ሳይታይ መድረሱ ነው፤ ከታየ በኋላ ኤሊዋ ትዞርበታለች፣ ክብ የሆነ ሰፊ ጀርባ ደግሞ አፍ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መቅዘፊያ እግሯን ወይም ሆዷን እስኪያገኝ ይዞራታል። ያየሁት መዞር ይሄው ነው። ጨመረችበትም፦ አውስትራሊያ ውስጥ፣ በታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ሬይን የምትባል ደሴት አለች። አረንጓዴ ኤሊዎች በአስር ሺዎች እንቁላል ሊጥሉ ይመጣሉ፣ ነብር ሻርኮችም ይሰበሰባሉ። ግን እዚያ የተከታተሏቸው ሰዎች እንዳዩት ሻርኮቹ ጤነኛዋን ከማባረር የሞተችውንና የደከመችውን ይመርጣሉ።

ያኔ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩ። የኛዋ ጤነኛ ነበረች ወይስ የደከመች? ያ ትንፋሽ ትዝ አለኝ።

ምላሽ 6 መምህርቷ በመሃል የጣለችውን አንድ ነገር ያዘ። የባሕር ኤሊ ጭንቅላቷንና እግሮቿን ቅርፊቷ ውስጥ መሰብሰብ አትችልም ብላ ነበር። ሰውየው ውሸት ነው አለ፣ ልጅ ሆኖ ግቢያቸው ውስጥ ኤሊ ነበረችው፣ በእንጨት ሲነካት እንደ ካልሲ ነበር የምትሰበሰበው። ከዚህ እስከ ምላሽ 9 የየብስ ኤሊና የባሕር ኤሊ ጠብ ነው። አንዷ፣ የየብሷ እግር ዓምድ ነው፣ የባሕሯ ክንፍ ነው፣ ክንፍ የሚታጠፍበት ቦታ የለም ብላ በሁለት መስመር ጨረሰችው። ሰውየው ግን ኤሊው ከነስሙ ትዝ ስለሚለው አልተሸነፈም።

ምላሽ 10 ጅቡቲ ለሥራ ሄዳ የነበረች ልጅ ናት። አርታ በሚባለው ዳርቻ ከዓሣ ነባሪ ሻርክ ጋር ዋኝታለች። ምላሽ 2 ላይ ያለው ሰውዬ ይህን ስም ሲሰማ ደስ ሳይለው አይቀርም። በዓለም ትልቁ ዓሣ እሱ ነው፣ የሚበላው ግን ጥቃቅን ነገር ነው። ከኅዳር አካባቢ ጀምሮ ለጥቂት ወራት ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ይገባሉ። አፉን ከፍቶ ሲመጣባት ጸሎት ጀምራ ነበር፣ እሱ ግን ልብም አላላትም። ፎቶም አያይዛለች፣ ግማሹ የራሷ አውራ ጣት ነው።

ጅቡቲ ከተነሳ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ከ11 እስከ 18 ስለ ወደብ ነው። አልዘረዝረውም። ስድብም ነበረበት፣ አንዱ ምላሽ ተሰርዟል፣ ኤሊዋን አንድም ሰው አላነሳትም።

ምላሽ 19 ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ። ጋሼ (ስማቸውን እዚህ አልጽፍም) በጃንሆይ መጨረሻ ዓመታት ባሕር ኃይል ገብተው ምፅዋ ያገለገሉ ናቸው። ነጥብ አይወዱም፣ ገጽ ሙሉ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው የጻፉት። ዳህላክ ደሴቶች ላይ ሌሊት ጥበቃ ወጥተው አሸዋው ላይ የታንክ ሰንሰለት የሄደበት የመሰለ ዱካ አይተው መሣሪያቸውን አቀባበሉ፣ ዱካውን ተከትለው ሲሄዱ አንዲት ኤሊ ጉድጓድ ቆፍራ እንቁላል ስትጥል አገኟት፣ እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ክብ ነው፣ ከዓይኗ ውሃ ይወርዳል፣ አንዱ ወታደር ታለቅሳለች ብሎ ኮፍያውን አወለቀ። መምህርቷ በምላሽ 20 በአክብሮት፣ ጋሼ፣ ያ እንባ የጨው ማስወገጃ ነው፣ ባሕር ውስጥም ይወርዳል ብላ ጨመረች። እሳቸው በምላሽ 21 አውቃለሁ ልጄ፣ ግን ያን ሌሊት አላወቅንም ነበር አሉ። ቀይ ባሕር ላይ አምስት ዓይነት የባሕር ኤሊ እንደሚታይ፣ እዚያ በብዛት እንቁላል የሚጥሉት ግን ሁለቱ እንደሆኑም ነገሩን፦ አረንጓዴዋና ምንቃሯ እንደ ጭልፊት የሆነው።

ምላሽ 22 ላይ ድምፁ ተለወጠ። የጻፈችው ልጅ ቤቷ ሰባት የመንገድ ድመት እንዳላት ሌላ ክር ላይ አንብቤያለሁ። እኔን ድንጋይ ልብ አለችኝ። ሃያ ሰው ብረት ተደግፎ ስልክ ይዞ ነፍስ ሲጠፋ ያያል፣ ሻክል ያነሳው ልጅ ከሁላችሁ ይበልጣል አለች። እውነቱን ለመናገር ሃያ አልነበርንም፣ አምስት ነበርን። ስልክ የያዘውም ኩኩ ብቻ ነው።

ምላሽ 23 መለሰላት፦ አዋሽ ፓርክ ሄደሽ አንበሳ ከርከሮ ቢያባርር መኪናሽን መሃል ታስገቢያለሽ? ሻርኩስ ነፍስ አይደለም? ምላሽ 24 ቁጥር አመጣ። ከ1970 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ሬይ የሚባሉት ጠፍጣፋ ዘመዶቻቸው ብዛት በ71 በመቶ ወርዷል፣ ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ ዓሣ ማጥመድ ነው፣ ስለዚህ ማዘን ካለብሽ ለሁለቱም እዘኚ። ልጅቷ ኤሊም እየጠፋ ነው ስትል ሌላ ሰው አረንጓዴዋ በ2025 እ.ኤ.አ. ከአስጊው ዝርዝር እንደወጣች፣ ጭልፊቷ ግን አሁንም የመጨረሻው የአደጋ ደረጃ ላይ እንዳለች አስተካከለ። የኛዋ የትኛዋ ነበረች ተባልኩ። ከአስር ሜትር ከፍታ ላይ ሆኜ ምንቃር አላየሁም።

የምወደው ምላሽ 26 ነው። ሻርክ ቤይ የሚባል ቦታ አለ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ። እዚያ አጥኚዎች ኤሊዎችን እየያዙ አካላቸውን ለክተው ነበር። የወፈሩት፣ ደህና የሆኑት፣ ሻርክ ሲበዛ ሣሩ ደከም ወዳለበት ግን ማምለጥ ወደሚቀልበት ጠርዝ ይሄዳሉ። የከሱት ግን ጥሩው ሣር ያለበት፣ አደጋውም የባሰበት መሃል ይግጣሉ። ጸሐፊው ይህን ሜክሲኮ አካባቢ መንገድ ላይ ከሚሸጡ ልጆች ጋር አገናኘው። ገበያው የሚደራበት ጥግ ደንቦች የሚመጡበትም ነው። ቁርሱን የበላ ሰው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያነጥፋል፣ ያልበላ ግን አስፋልቱ አፍ ላይ። እሱ ራሱ ሁለት ዓመት ካልሲ ሸጧል፣ አንድ ጆሮው ሁልጊዜ ፉጨት ይጠብቅ ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ ያቺ ኤሊ ለምን በቀን ብርሃን ውሃው ላይ ተንሳፍፋ እንደቆየች ሌላ መልስ አልፈለግኩም።

ምላሽ 28 ሰዋስው ነው። ሴት መሆኗን በምን አወቅህ፣ ኤሊዋ ኤሊዋ ትላለህ አለኝ። አላወቅኩም። አማርኛችን ትንሽና አሳዛኝ ነገር ሲያይ እሷ ይላል፣ ሻርኩን ደግሞ ማንም ሳይነግረኝ እሱ አልኩት። ምላሽ 29 ግን በአጋጣሚ ሳትገምት አትቀርም ብሎ አሳቀኝ፦ የባሕር ኤሊ ጾታ የሚወሰነው እንቁላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው፣ ሲሞቅ ሴት ይበዛል፣ ከኮራል ሪፉ ሰሜናዊ ክፍል ከመጡት ወጣት ኤሊዎች ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ ሴት ሆነው ተገኝተዋል፣ ጥናቱም በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል።

ከ30 እስከ 32 ስለ ፒያሳ ነው። አንዱ ይህን ወሬ የት ቡና ላይ እንዳወራሁ ጠየቀ። እኔም ድሮ የምንቀመጥበት ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ከመርከብ ስመለስ የማውቀው በር ሁሉ እንደጠፋኝ ነገርኩት። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ክትፎ ቤት መቁጠር ጀመረ።

ምላሽ 33 አጭር ነው። መገለጫው ላይ ባሕር ዳር ሠልጥኖ መርከብ ላይ የሚሠራ ኢንጂነር ይላል። ሰላምታ የለውም። መርከቡ ባዶ ነበር ካልክ ፕሮፔለሩ (መርከቡን የሚገፋው ተሽከርካሪ ክንፍ) ላይ ላዩን ነው፣ ኤሊዋ የተጠጋችው በየት በኩል ነው? ኋላውን ያየው ማን ነው? ይህ ብቻ።

ሁለት ቀን አልመለስኩም። ምላሽ 34 እና 35 የት ጠፋህ ይላሉ።

ምላሽ 36 የኔ ነው። ሳላሳምር እደግመዋለሁ። ኤሊዋ የመጣችው በኋላ በኩል ነው፣ መሪው ብረት ጋ። መርከቡ ባዶ ስለነበር የመሪው ግማሽ ከውሃ በላይ ነው፣ የፕሮፔለሩ አንድ ክንፍ ጫፍም ይታያል። በዚያ ጥላ ውስጥ ገባች። ሻርኩ ራቅ ብሎ ቆየ። ያኔ ነው የተጠራሁት። ሞተሩን ያስነሳሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ስጽፍ ተጠርቼ ወረድኩ ብዬ ያለፍኩት ለዚህ ነው።

መቆጣጠሪያ ክፍሉ ውስጥ ስልክ አለ፣ መያዣው ሁልጊዜ ግሪስ ነው፣ ጆሮህ ላይ ይጣበቃል። ከብሪጅ፣ መርከቡ ከሚመራበት ከላይኛው ክፍል፣ ደወሉ። አንድ የዴክ ሰው ኋላውን አይቶ ነጻ ነው ብሏል፣ ዝግጁ ናችሁ ወይ አሉ። ምኑን እንዳየ አላውቅም። ከዚያ ከፍታ መሪው ሥር ያለ ነገር ቀጥ ብለህ ካልተንጠለጠልክ አይታይም። እኔ ግን ከአስር ደቂቃ በፊት አይቻታለሁ። ቺፉ ከጎኔ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። ስድስት ሰዓት ዘግይተናል። ካፕቴኑ ጠዋት ጮኾብናል። ኤሊ አለች፣ ትንሽ ቆዩ ማለት አፌ ላይ መጣ። ሲሰማ ምን እንደሚመስል አሰብኩና ዝግጁ ነን አልኩ። መጀመሪያ በአየር ብቻ አዞርነው፣ ከዚያ ነዳጅ ገባ። ወለሉ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ኩኩን አልጠየቅኩትም። እራት ሲያቀርብልኝም ስለ ሩዙ ነው ያወራሁት።

ስድብ ጠብቄ ነበር። ምላሽ 37 ድመቶች ያሏት ልጅ ናት። አልተሳደበችም። አንድ ጥያቄ ብቻ፦ ሞተሩ ሲነሳ ኩኩ አሁንም ዴክ ላይ ነበር?

ምላሽ 38 ጋሼ ናቸው። የመርከብ ሆድ ሲንቀጠቀጥ ኤሊ ወዲያው ትጠልቃለች፣ ምፅዋ ላይ ብዙ ጊዜ አይተዋል፣ ቀስ ብሎ ለሚነሳ ሞተር ጊዜ አላት፣ አይዞህ ልጄ አሉኝ። ምላሽ 39 መምህርቷ ናት። የጋሼን ቃል አልነካችም። ግን ልታጽናናኝ ብላ አትዋሽም፦ ጀልባና መርከብ ብዙ ኤሊ ይገድላል፣ ጠልቃም ከሆነ ሻርኩ ከታች ነበር።

ምላሽ 40 ነገሩን ለማቅለል ቀልድ ሞከረ፣ አልተሳካለትም። ምላሽ 41 ደግሞ ክሩን ከመሃል ይመስለኛል የገባበት፣ የክትፎ ቤት አድራሻ ጠየቀ።

ምላሽ 42 የባሕር ዳሩ ኢንጂነር ተመለሰ። አንድ ጊዜ እሱም በጭነት ችኮላ ሳያጣራ አየር ከፍቷል፣ ያኔ ከኋላ የነበረው ኤሊ ሳይሆን ገመድ ነው። ሌላ ምንም አላለም። ረጅም ጽሑፍ እየጀመረ እንደሰረዘ ግን ይታየኝ ነበር፣ እየጻፈ ነው የሚለው ምልክት ሲመጣና ሲጠፋ።

ምላሽ 43 የኔ ነው፣ ለ37 የመለስኩት። አዎ፣ ኩኩ ዴክ ላይ ነበር። ስልኩም እጁ ላይ ነበር። እሑድ ጠዋት ጻፍኩለት፦ ያቺ ኤሊ ትዝ ትልሃለች፣ ቪዲዮው አለህ ወይ፣ ሞተሩ ሲነሳ ምን ታየ። አሁን ሌላ መርከብ ላይ ነው ያለው፣ ፓስፊክ ይመስለኛል። ዛሬ ሐሙስ ነው። መልእክቱ ጎን ያለችው ምልክት አሁንም አንድ ናት። ስልኬ 11 ፐርሰንት ደርሷል።